ክዳኑ ሰሌዳ የሆነ የቼዝ ሳጥን አሠራር

ለውድድር የሚሆን የቼዝ መጫወቻ ገዝቶ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የሚያኖር ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ምን እንደሚገጥመው ያውቀዋል። ጠጠሮቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ይቧጨራሉ፤ የንጉሡ መስቀል ይሰበራል፤ የፈረሱ ጆሮ ይሸረፋል፤ ከታች የተለጠፈው ጨርቅም ይላቀቃል። አንድ ወታደር የጠፋ እንደሆነ ደግሞ መጥፋቱ የሚታወቀው ሁለቱ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው መደርደር ከጀመሩ በኋላ ነው። በዚህ መመሪያ የሚሠራው ሳጥን ለ32ቱ ጠጠሮች ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማደሪያ ይሰጣል፤ መካከሉ ለሰዓት፣ ለመመዝገቢያ ወረቀትና ለትርፍ ንግሥቶች ይሆናል፤ ክዳኑም ራሱ ባለ 64 ቤት መጫወቻ ሰሌዳ ነው። ከውጭ ሲለካ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ክዳኑን ጨምሮ 9 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል።

ሥራው መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ መሰርሰሪያና ቢያንስ አራት ሞርሴቶ፣ ማለትም የሚጣበቁ እንጨቶችን ጨምቆ የሚይዝ ማጥበቂያ፣ ይጠይቃል። ጣውላውን በልኩ ለመሰንጠቅና ቦይ ለማውጣት ግን ማሽን ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ዘንድ ወስዶ ማስቆረጥ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ለሰሌዳው ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

ከእንጨቱ በፊት ጠጠሩን መለካት

ሳጥን የሚሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ጠጠሩ ሳይለካ ጣውላ ከተቆረጠ፣ መጨረሻ ላይ ንጉሡ የማይገባበት ማደሪያ ወይም ወታደሩ የሚንከባለልበት ሰፊ ጉድጓድ ይገኛል። በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዴ፣ ለውድድር የሚመክረው የጠጠር ዓይነት ስታውንተን የሚባለውን፣ በ1849 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተመዘገበውን ቅርጽ ነው። በፊዴ ምክር መሠረት የንጉሡ ቁመት 9.5፣ የንግሥቷ 8.5፣ የጳጳሱ 7፣ የፈረሱ 6፣ የግንቡ 5.5፣ የወታደሩ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ጠጠር የታችኛው ክብ ስፋት ከቁመቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። የሰሌዳው አንድ ቤት ጎን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ የወታደሩን የታችኛውን ስፋት እጥፍ መሆን አለበት።

እኔ የምከተለው ልክ 5.5 ሴንቲ ሜትር ቤት ነው። ስምንቱ ሲደመሩ 44 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ በዙሪያው 3 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ሲጨመር 50 ይሞላል። እርስዎ ግን የራስዎን ጠጠሮች አንድ በአንድ ይለኩ፤ በተለይ የንጉሡን ቁመትና የታችኛውን ስፋት በወረቀት ላይ ይጻፉ። የንጉሡ የታችኛው ስፋት ከ4.8 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ሰዓትዎ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ካለው፣ ከዚህ በታች የምሰጠውን የግድግዳ ቁመት በዚያው ልክ ከፍ ማድረግ ይገባል።

እንጨት መምረጥ

ለሰሌዳው አንድ ጠቆር ያለና አንድ ፈዘዝ ያለ እንጨት ያስፈልጋል። ለጠቆረው ቡናማውን ዋንዛ የሚተካከል አላገኘሁም፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላም ቅርጹን እምብዛም አይለውጥም። ለፈዘዘው ዝግባ ይስማማዋል፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ነው። ወይራና ዝግባን ማጣመር ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ወይራ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ዝግባው ቶሎ እየተበላ ወይራው ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ሰሌዳውም ሞገድ ይሠራል። ለግድግዳው ጥድ ቢሆን ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር መዓዛው ይወጣል፤ ዋንዛም ይበቃል።

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው የነበሩ አራት የአገር ዛፎች ናቸው። ስለዚህ ሲገዙ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን አሮጌ እንጨት ነው። የፈረሰ ቁም ሣጥን፣ የተጣለ የበር ጉበን ወይም የአልጋ ራስጌ ለዓመታት የደረቀ ስለሆነ እንደ አዲስ ጣውላ አይጣመምም፤ ለዚህ ሳጥን የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። ለግድግዳ 2 ሜትር፣ ለክፈፍ 2 ሜትር ከሩብ፣ ለሰሌዳ ከእያንዳንዱ ቀለም 2 ሜትር ከሩብ ያህል ርዝመት ያለው ጣውላ ይበቃል። ከአሮጌ እንጨት ላይ ሚስማሩን በጥንቃቄ ነቅሎ መጨረስ ግዴታ ነው፤ አንድ የተረሳ ሚስማር የማሽን ጥርስ ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል።

አዲስ ጣውላ ከገዙ መድረቁን በሚዛን ያረጋግጡ። ከጣውላው አንድ ቁራጭ ወስደው በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑ፤ ክብደቱን በራሱ ላይ በእርሳስ ጽፈው ሳጥኑ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ያኑሩት፤ በየሳምንቱም እንደገና ይመዝኑ። ክብደቱ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ካልቀነሰ እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። እየቀነሰ ከሄደ ግን ይጠብቁ። ይህን ትዕግሥት የሚተካ ሌላ ዘዴ የለም።

እንጨት ለምን ቦታ ይፈልጋል?

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት የሳጥኑን ንድፍ የወሰነውን ጉዳይ ማስረዳት አለብኝ። የመጀመሪያዬን ሰሌዳ በጥር ወር ሠርቼ፣ ጠንክሮ እንዲቆይ በማሰብ፣ ከዳር እስከ ዳር ኮላ ቀብቼ በወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ ለጠፍኩት። እስከ ግንቦት ቀጥ ብሎ ቆየ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን መካከሉ እንደ ሰሐን ጀርባ ተነፋ፤ ከአራቱ ማዕዘኖችም ሁለቱ ተከፈቱ። በጣም አዘንኩ፤ ምክንያቱን ከተረዳሁ በኋላ ግን ጥፋቱ የእንጨቱ ሳይሆን የእኔ መሆኑን አወቅሁ።

እንጨት በክረምት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣና ይሰፋል፤ በበጋ ያንኑ ይተፋና ይጠባል። መስፋቱና መጥበቡ የሚታየው በጭረቱ፣ ማለትም በእንጨቱ ርዝመት በሚሄዱት መስመሮች፣ አግድም ነው፤ በጭረቱ ርዝመት ግን ለውጡ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰሌዳ ከበጋ እስከ ክረምት ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ንብርብሮቹ ጭረታቸው እየተቆላለፈ የተጣበቁ ስለሆነ እንዲህ አይሰፋም። ሁለቱ ከተጣበቁ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ስለሚይዘው ሰሌዳው መነፋቱ አይቀርም። ስለዚህ በዚህ ንድፍ ሰሌዳው ከክፈፉ ጋር በኮላ አይያያዝም፤ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ገብቶ፣ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ተትቶለት ይቀመጣል። በበጋ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ክፍተት ሙሉውን ይተዉ፤ በክረምት የሚሠሩ ከሆነ ሰሌዳው ወደፊት የሚጠብ እንጂ የሚሰፋ ስላልሆነ 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ሰሌዳውን መሥራት

64 ትናንሽ ካሬዎችን አንድ በአንድ ቆርጦ መገጣጠም የሚያደክም ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ ቀጥ የማይል ሥራ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሁለት ጊዜ ማጣበቅና አንድ ጊዜ ማገላበጥ ነው።

በመጀመሪያ ከጠቆረው 4፣ ከፈዘዘው 4 ክፋዮች ይሰንጥቁ። ርዝመታቸው 50 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው ለጊዜው 17 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከእያንዳንዱ ቀለም ሦስቱ 55 ሚሊ ሜትር፣ አንዱ ደግሞ 61 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ይህች የ6 ሚሊ ሜትር ጭማሪ በክፈፉ ቦይ ውስጥ የምትደበቅ ናት፤ ካልተጨመረች በጠርዝ ያሉት ቤቶች ከሌሎቹ አንሰው ይታያሉ። ክፋዮቹን አንድ ጠቆር አንድ ፈዘዝ እያደረጉ ይደርድሩ፤ ሁለቱ ሰፋፊዎቹ ግራና ቀኝ ዳር ላይ ይዋሉ። ጎኖቻቸው በመላጊያ ተስተካክለው ሲገጠሙ ብርሃን የማያሳልፉ መሆን አለባቸው። ሁለቱን ገጥመው ወደ መስኮት አንሥተው ይዩ፤ ብርሃን ከታየ ኮላ አያድነውም።

ከዚያ በቪናቪል፣ ማለትም በነጩ የእንጨት ኮላ፣ ያጣብቁ። በሞርሴቶ ሲጠበቅ ሰሌዳው ወደ ላይ እንዳይጎብጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ከላይና ከታች አግድም ያድርጉበት። የተረፈው ኮላ ተጨምቆ ሲወጣ በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት፤ ውሃው ኮላውን አቅጥኖ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ያስገባዋል፣ በኋላም ቀለም የማይቀበል ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። እስኪረጋ ጥቂት ጠብቀው በመሮ ይፋቁት። በሞርሴቶ ለጥቂት ሰዓታት፣ ያለ ሞርሴቶ ደግሞ እስከ ማግስቱ ይቆይ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድና ቪናቪል በዚህ ብርድ በደንብ ስለማይይዝ፣ በእነዚህ ወራት ኮላ የሚቀባው ረፋድ ላይ፣ የሚያድረውም ቤት ውስጥ ነው።

በማግስቱ የተጣበቀውን ጣውላ ከጭረቱ አግድም ወደ 8 ረድፎች ይቆርጡታል። አንዱን ጫፍ በስኳድራ አስተካክለው ይቁረጡ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ረድፍ 61፣ ቀጥሎ ስድስቱ 55፣ የመጨረሻው 61 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሰባቱ ቁርጦች እያንዳንዳቸው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚበሉ በድምሩ 47.3 ሴንቲ ሜትር ያልቃል፤ 50 የተባለው ለዚህ ነው። ሥራ ቤት ወስዶ ማስቆረጥን የመረጥኩትም ለዚህ ደረጃ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢኖር በስምንት ሲባዛ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ማዕዘኖቹም አንዱ ከሌላው ጋር መገናኘታቸው ይቀራል። በእጅ መጋዝ የሚሠራ ሰው ርዝመቱን በየጊዜው በሜትር ከመለካት ይልቅ አንድ ማቆሚያ እንጨት በልኩ ቸንክሮ ሁሉንም በእርሱ ላይ አስጠግቶ ይቁረጥ።

አሁን ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውንና ስምንተኛውን ረድፍ ጫፍና ጫፋቸውን ያዙሯቸው። ጠቆሩ በፈዘዙ አጠገብ ይመጣና ሰሌዳው በአንድ ጊዜ ይወለዳል። ይህች ቅጽበት ከሥራው ሁሉ የምወዳት ናት። ረድፎቹን ሲያጣብቁ ግን የሚገናኙት የተቆረጡ የጭረት አፎች መሆናቸውን አይርሱ፤ እነዚህ አፎች ኮላውን እንደ ስፖንጅ ይመጥጡትና መጋጠሚያው ባዶ ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ጊዜ መቀባት ነው። መጀመሪያ በስሱ ቀብተው 10 ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ አፉ ከጠገበ በኋላ ሁለተኛውን ቀብተው ያጥብቁ።

ሲደርቅ ሁለቱንም ፊት በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው ውፍረቱን 15 ሚሊ ሜትር ላይ ያድርሱ። ሰሌዳው በየጎኑ 45.2 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። በመጨረሻ ከታችኛው ፊት ዙሪያውን 8 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ፣ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ የሆነ ደረጃ ያውጡ፤ በጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ምላስ ይቀራል። የጭረት አፍ ባለባቸው ሁለት ጎኖች ደረጃውን ከማውጣትዎ በፊት መስመሩን በስለታም ቢላዋ ይብጡት፤ ካልሆነ ጠርዙ እየተሰነጠረ ይነሣል።

ክፈፉን መግጠም

ለክፈፉ 30 ሚሊ ሜትር ስፋትና 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት ጣውላዎች ያስፈልጋሉ። በውስጠኛ ጎናቸው፣ ከላይኛው ፊት 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ 10 ሚሊ ሜትር ወርድና 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይውጣ። ምላሱ ወደ ቦዩ የሚገባው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የቀረችው 2 ሚሊ ሜትር መተንፈሻዋ ናት። አናጢዎች ወንድና ሴት በሚሉት በዚህ መጋጠሚያ ምላሱ በእጅ ሲገፋ መንሸራተት አለበት፤ በመዶሻ የሚገባ ከሆነ ጠብቋልና ጥቂት ይላጉት።

የጣውላዎቹ ጫፎች በ45 ዲግሪ ተቆርጠው በውጭ በኩል በትክክል 50 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። ከማጣበቅ በፊት ግን ሰሌዳውን መቀባት ይቅደም። ሰሌዳው ክፈፉ ውስጥ ከገባ በኋላ ከተቀባ፣ በበጋ ሲጠብ ከቦዩ ውስጥ ያልተቀባ ነጭ ዳር ብቅ ይላል፤ ይህንን በኋላ ማረም አይቻልም። አቀባቡን በመጨረሻው ክፍል አስቀምጫለሁ።

ሲያጣብቁ ኮላ የሚነካው አራቱን ማዕዘኖች ብቻ ነው። በተጨማሪ የጭረቱ አፍ በሚገባባቸው ሁለት ቦዮች መካከል ላይ አንድ አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ ይህ ሰሌዳው ወደ አንድ ወገን ሳይሄድ ከመካከል ወደ ሁለቱም ጎን እኩል እንዲሰፋ ይይዘዋል። ማዕዘኖቹን ለማጥበቅ ረጅም ሞርሴቶ ከሌለ ጠንካራ ገመድ በክፈፉ ዙሪያ አስረው በአጭር እንጨት እያጠነጠኑ ማጥበቅ ይቻላል፤ ገመዱ ጠርዙን እንዳይበላ ካርቶን ጣል ያድርጉበት። ወዲያው ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ። ሁለቱም 70.7 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ክፈፉ ቀጥ ብሏል። ከደረቀ በኋላ እያንዳንዱን ማዕዘን ከውጭ በመጋዝ በአግድም ሰንጥቀው ቀጭን የእንጨት ሽፋይ በኮላ ያስገቡበት፤ በ45 ዲግሪ የተቆረጠ መጋጠሚያ ያለዚህ ማጠናከሪያ አንድ ቀን ክዳኑ ሲወድቅ ይከፈታል።

ከክዳኑ በታች 45.8 በ45.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይለጠፋል። ኮላው የሚቀባው በክፈፉ ላይ ብቻ፣ ከውስጠኛው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነው፤ ወደ ሰሌዳው ከፈሰሰ የተተወው መተንፈሻ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህ ኮምፔንሳቶ ሁለት ሥራ አለው። ሰሌዳውን ከሥር ይደግፋል፤ ክዳኑ ሲገጠም ደግሞ ወደ ሳጥኑ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር ገብቶ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ማጠፊያ ያላደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው። በማጠፊያ የተያያዘ ክዳን ሲከፈት ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ከአንዱ ተጫዋች ወገን የሚወጣው ብረትም እጅ ይነካል፤ ተነሥቶ የሚቀመጥ ክዳን ግን ሳጥኑ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ሰሌዳው ብቻውን ጠረጴዛ ላይ እንዲውል ያስችላል።

ሳጥኑ

ይህ ክፍል ከሰሌዳው ይቀላል። ግድግዳዎቹ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 70 ሚሊ ሜትር ቁመት አላቸው፤ ሁለቱ 50፣ ሁለቱ 48 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይኖራቸዋል። በረጅሞቹ ጫፎች ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ 20 ሚሊ ሜትር ወርድና 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ደረጃ አውጥተው አጭሮቹን እዚያ ላይ ያሳርፉ። ውስጡ 46 በ46 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በአራቱም ግድግዳዎች ከታችኛው ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ 6 ሚሊ ሜትር ወርድና ጥልቀት ያለው ቦይ ይውጣ፤ ለወለሉ የሚሆነው 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 47 በ47 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ እዚያ ይገባል። የማዕዘኑ ደረጃ ከቦዩ የጠለቀ ስለሆነ ቦዩ ከውጭ አይታይም።

አራቱን ግድግዳዎች ከወለሉ ጋር መጀመሪያ ያለ ኮላ ገጥመው ይሞክሩ፤ ከዚያ ያጣብቁ፤ የውስጥ ሰያፎቹ እኩል፣ ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሲደርቅ በእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ሁለት ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰርስረው ከወይራ የተጠረበ የእንጨት ሚስማር በኮላ ይምቱበት። የብረት ሚስማርም ይይዛል፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ዝገቱ በእንጨቱ ላይ ጥቁር ዕንባ ይተዋል።

ማደሪያዎቹ

ጠጠሮቹ ተጋድመው እንዲያድሩ ሳጥኑ በርዝመቱ በአራት አካፋዮች ለአምስት ይከፈላል። ከግራ ወደ ቀኝ ስፋታቸው 102፣ 60፣ 112፣ 60፣ 102 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ የ102 ክፍሎች ለንጉሥ፣ ለንግሥት፣ ለጳጳሳት፣ ለፈረሶችና ለግንቦች፣ የ60ዎቹ ለወታደሮች፣ መካከለኛው 112 ደግሞ ለሰዓቱና ለወረቀቱ ነው። አካፋዮቹ ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይቆረጣሉ፤ ቁመታቸው 34 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚህ ከፍ ካለ ጣት ጠጠሩን ለማንሣት ይቸገራል፤ ከዚህ ዝቅ ካለ ደግሞ ሳጥኑ ሲናወጥ ወታደሩ ወደ ጎረቤቱ ይዘላል።

በየወገኑ 16.8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሰባት ሰባት አግድም አካፋዮች ሁለቱን ክፍሎች ለስምንት ስምንት ይከፍላሉ። አግድሙ ረጅሙን አካፋይ በሚያቋርጥበት ቦታ ረጅሙ ከላይ፣ አግድሙ ከታች 17 ሚሊ ሜትር ይሰነጠቅና አንዱ ሌላውን ጎርሶ ይቀመጣል። ርቀቱን በሜትር ከመለካት ይልቅ በትክክል 52 ሚሊ ሜትር የሆነ የእንጨት ቁራጭ አዘጋጅተው በመካከላቸው እያስገቡ ምልክት ያድርጉ፤ የምትተርፈውን 2 ሚሊ ሜትር ለሁለቱ ጫፎች ያካፍሉ። የአግድሞቹ ጫፎች ከመካከለኛው ክፍል አካፋዮች ጋር በኮላ ይያያዛሉ።

የአካፋዮቹ መረብ ከሳጥኑ ጋር አይጣበቅም። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ከፋይ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ይነጠፋል፤ መረቡ በላዩ ይቀመጣል። ጨርቁ አቧራ ሲይዝ መረቡ ተነሥቶ ጨርቁ ይራገፋል። በመካከለኛው ክፍል ለሁለት ትርፍ ንግሥቶች የሚሆን ቦታ መለየትን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ወታደር የመጨረሻው ረድፍ ደርሶ ሲነግሥ ሁለተኛ ንግሥት የምትጠፋበት ጨዋታ ብዙ ነውና፣ በውድድርም ላይ ተጫዋቹ ጠጠር ፍለጋ ሰዓቱን አቁሞ ዳኛ እስከ መጥራት ይደርሳል።

ማለስለስና መቀባት

በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይጀምሩ፤ በ120፣ በ180 እያሉ በ240 ይጨርሱ፤ ሁልጊዜም በጭረቱ አቅጣጫ ይሹ። የዋንዛው ጥቁር ብናኝ ወደ ዝግባው ገብቶ ነጩን ያደበዝዛልና በየቁጥሩ መካከል ሰሌዳውን በብሩሽ ያራግፉ። አፍንጫና አፍ መሸፈን አይዘንጋ።

ለግድግዳውና ለክፈፉ የተልባ ዘይትና የንብ ሰም ድብልቅ ከቫርኒሽ ይልቅ እወዳለሁ። አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ዘይት፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ከጠጅ ሰፈፍ የሚወጣ ሰም ተጣርቶ ለዚህ ሥራ ይሆናል። በጨርቅ በስሱ ይቀባ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈው ይጠረግ፤ በማግስቱ ይደገም። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይዝፈቁት። ይህ ለማስፈራራት የተባለ አይደለም፤ የእንጨት ሥራ ቤቶች የተቃጠሉበት ምክንያት ነው።

ሰሌዳው ላይ ግን የተልባ ዘይት አይደረግም፤ ዝግባውን እያደር ያጠቁረውና በሁለቱ ቀለማት መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል። በአልኮል የሟሟ ነጣ ያለ ጎማላካ፣ ማለትም ሼላክ የሚባለው የእንጨት ቅብ፣ በሁለት ወይም በሦስት ስስ ንጣፍ ይበቃዋል። በመጨረሻ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ታሽቶ ብልጭታው ይገደል፤ የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ከላይ ያለውን አምፖል መልሶ በተጫዋቹ ዓይን ውስጥ ይተክላል።

በስተመጨረሻ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች አነስተኛ የነሐስ መቆለፊያ፣ ከሥር በአራቱ ማዕዘኖች የወፍራም ጨርቅ ቁራጭ ይደረጋል። ቪቴዎቹን ከማጥበቅዎ በፊት ቀዳዳቸውን በመሰርሰሪያ ይክፈቱ፤ ጠርዝ ላይ ያለ እንጨት ያለ ቀዳዳ ቪቴ ከገባበት ይሰነጠቃል። ሳጥኑ ሲያልቅ ከክዳኑ ሥር ባለው ኮምፔንሳቶ ላይ የተሠራበትን ቀንና በዳር ካሉት ቤቶች የአንዱን የሚታይ ስፋት በእርሳስ ይጻፉ። በበጋ 55 ሚሊ ሜትር የነበረው፣ በነሐሴ ሲለካ በጭረቱ አግድም ባሉት ሁለት ጎኖች አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አንሶ ይገኛል፤ ሰሌዳው ሰፍቶ ዳሩ ወደ ቦዩ ገብቷልና። ማዕዘኖቹ ካልተከፈቱና ንጉሡ በመካከለኛው ቤት ላይ ሳይወዛወዝ ከቆመ፣ የተተወለት ቦታ በቅቶታል።